«ሰውነታችን የራሱን ካናቢስ ይሠራል» የሚባለው እውነት ነው? ለእናቴስ ይበጃል?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ አብራኝ ነው ያለችው። ሁለቱንም ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ከዓመታት በፊት የልብ ቫልቭ ስለተቀየረላት ዋርፋሪን ትወስዳለች። ቤተ ክርስቲያን የምናውቃት አንዲት እህት የሲቢዲ ዘይት ሰጠቻት። ጠርሙሱ ላይ ‹የኢንዶካናቢኖይድ ሥርዓትዎን ያመጣጥናል› ይላል። ሰውነታችን የራሱን ካናቢስ ይሠራል የሚባለው እውነት ነው? ሥራውስ ምንድን ነው? እናቴ ብትወስደው ምን ችግር አለው? ለገና ዱባይ እህቴ ጋ አርፋ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ይዛው መሄድ ትችላለች ወይ?»

እህቴ፣ መልሴ ስለሚረዝም አስቸኳዩን ላስቀድም። እናትሽ ዘይቱን ገና ካልጀመሩት አይጀምሩት። ጀምረውት ከሆነ ዛሬውኑ ዋርፋሪናቸውን (ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት) ወደሚከታተለው ክሊኒክ ደውለሽ ንገሪ፤ ደማቸው ቶሎ ይታይ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። አሁን ተረጋግተን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ እንግባ።

አዎ፣ እውነት ነው። ሰውነታችን ከካናቢስ ተክል ኬሚካሎች ጋር አንድ ዓይነት መቀበያ (ሴል ላይ ኬሚካል እንደ ቁልፍ የሚገጥምበት ቦታ) ላይ የሚያርፉ የራሱ ኬሚካሎች አሉት። ማሪዋና አጭሶ የማያውቅ ሰውም አሉት፣ እናትሽም አሏቸው፣ አሁን ይሄን ስታነቢ አንጎልሽ ውስጥ እየተሠሩ ነው። ነገሩ የተገኘው ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ተክሉ ተመረመረ፣ ከዚያ መቀበያው ተገኘ፣ የሰውነታችን የራሱ ኬሚካል የታወቀው መጨረሻ ላይ ነው።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ራፋኤል ሜሹላም የሚባል ወጣት ኬሚስት እስራኤል ውስጥ፣ ረሆቮት በሚገኘው የዋይዝማን ተቋም ይሠራ ነበር። (ረሆቮት ዛሬ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት።) ሞርፊን ከኦፒየም ተለይቶ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኮኬይንም ከኮካ ቅጠል ከተለየ ቆይቷል። የካናቢስ ዋና ኬሚካል ግን ገና በደንብ አልታወቀም ነበር። ሜሹላም ፖሊስ ጋ ሄዶ ከኮንትሮባንድ የተያዘ 5 ኪሎ የሊባኖስ ሃሺሽ ተረከበ። ከዚያ ቦርሳው ውስጥ ከቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ተሳፋሪዎቹ «ይሄ ምን ይሸታል?» ይባባሉ እንደነበር ሰውየው እስኪሞት ድረስ (ያረፈው በ2023 ነው) እየሳቀ ይናገር ነበር። በ1964 ከባልደረባው ከየሂኤል ጋኦኒ ጋር ሆኖ የሚያሰክረውን ኬሚካል ለይቶ አወጣ፤ ቲኤችሲ የምንለው ማለት ነው። የሲቢዲን (የእናትሽ ዘይት የተሰየመበት፣ ሌላው የተክሉ ኬሚካል) ቅርጽ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ አውጥቶት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። ቲኤችሲ አንጎል ውስጥ የት ላይ ነው የሚያርፈው? ለ20 ዓመት ያህል ብዙ ሰው ቅባት ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ የሴሉ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ የሚያዛባ ይመስለው ነበር። በ1988 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ላይ አሊን ሃውሌትና ተማሪዋ ዊሊያም ዴቫን የአይጥ አንጎል ውስጥ ራሱን የቻለ መቀበያ እንዳለ አሳዩ። ዛሬ ሲቢ1 ይባላል። በ1993 ሁለተኛው፣ ሲቢ2፣ ታወቀ።

እንግዲህ አስቢው። አንጎል ‹አንድ ቀን ሰው ሃሺሽ ያጨስ ይሆናል› ብሎ መቀበያ አያዘጋጅም። መቀበያ ካለ የሚያርፍበት የራሳችን ነገር መኖር አለበት። ዴቫን ኢየሩሳሌም ሜሹላም ጋ ሄደና ከሉሚር ሃኑሽ ጋር ሆነው ከአሳማ አንጎል ፈልገው አገኙት፤ በ1992። አናንዳማይድ ተባለ። በ1995 ደግሞ ሁለተኛው ተገኘ፣ ስሙ 2-ኤጂ ነው። አንጎል ውስጥ በብዛት ያለውም፣ ከባዱን ሥራ የሚሠራውም ይሄ ሁለተኛው ነው። ታዋቂው ግን አናንዳማይድ ነው። እነዚህ የራሳችን ኬሚካሎች ኢንዶካናቢኖይድ ይባላሉ፤ ከመቀበያዎቻቸው ጋር ሲሆኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ‹ሥርዓት› ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ከገባሽ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነገር ለምን እንደማያሳምነኝ ይገባሻል።

ሁለት የነርቭ ሴሎች ጎን ለጎን አሉ እንበል። መካከላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። የመጀመሪያው መልእክት ሲያስተላልፍ ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይረጫል፣ ሁለተኛው ይቀበላል። በትምህርት ቤት የተማርነው መልእክቱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ ነው፤ ከላኪ ወደ ተቀባይ። ኢንዶካናቢኖይዶች ግን የሚሄዱት በተቃራኒው ነው።

ድግስ ላይ ጠላ የምትቀዳ ሴት አስቢ። አንቺ ብርጭቆሽን ይዘሽ ተቀምጠሻል፣ እሷ እየዞረች ትሞላለች። ሲበዛብሽ ምን ታደርጊያለሽ? እጅሽን ብርጭቆሽ አፍ ላይ ትጭኛለሽ። ቀጂዋ ታይና ጆጉን ቀና አድርጋ ታልፍሻለች። የጠጣሽው አንቺ ነሽ፣ ‹በቃኝ› ያልሽውም አንቺ ነሽ፣ የምታቆመው ግን እሷ ናት። ኢንዶካናቢኖይድ ማለት ያ እጅ ነው። ተቀባዩ ሴል መልእክት ሲበዛበት ውስጡ ካልሲየም ይጨምራል። ካልሲየሙ ሲጨምር ሴሉ ከገዛ ሽፋኑ ስብ ላይ ቆርጦ 2-ኤጂ ይሠራል። 2-ኤጂው ክፍተቱን ወደ ኋላ ይሻገርና ላኪው ሴል ላይ ያለው ሲቢ1 መቀበያ ላይ ያርፋል። ሲቢ1 ሲነካ የላኪው ሴል የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ። ያለ ካልሲየም ኬሚካል መርጨት የለም። ስለዚህ ላኪው ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ይሄ ወደ ኋላ የሚሄድ መልእክት በግልጽ የታየው በ2001 ነው፤ ሦስት ቡድኖች፣ ሁለቱ አሜሪካ አንዱ ጃፓን፣ ባንድ ዓመት ውስጥ አሳዩት።

ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ እነዚህ ኬሚካሎች እንደሌሎቹ ተሠርተው በከረጢት አይጠብቁም። በተፈለጉበት ሰዓት፣ በተፈለጉበት ቦታ፣ እዚያው ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ ሥራቸውን እንደጨረሱ ወዲያው ይፈርሳሉ። አናንዳማይድን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ፋህ ይባላል፣ 2-ኤጂን የሚያፈርሰው ደግሞ ማግል። አብዛኛው ጊዜ ነገሩ ሁሉ በሰከንዶች ያልቃል። እጅሽን ትጭኛለሽ፣ ቀጂዋ ታልፍሻለች፣ እጅሽን ታነሻለሽ። ከአጠገብሽ ያለው ሰው ግን መጠጣቱን ቀጥሏል። እሱን ማንም አልከለከለውም።

አሁን ማሪዋና ያጨሰ ሰው ጋ እንምጣ። ቲኤችሲ በደም ገብቶ አንጎሉን ሁሉ ያዳርሳል። አንድ ክፍተት ላይ ለሰከንዶች የሚቆይ ‹በቃኝ› የነበረው የድግሱን ሰው ሁሉ ብርጭቆ ለሰዓታት የሚሸፍን እጅ ሆነ። ፋህም ማግልም ቲኤችሲን አያፈርሱትም፤ እሱን ጉበት ነው ቀስ እያለ የሚያስወግደው። ስካሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምን እንደሚሰማው ደግሞ መቀበያው ባለበት ቦታ ይወሰናል። ሲቢ1 አንጎል ውስጥ በጣም ከበዙት መቀበያዎች አንዱ ነው። የቅርብ ጊዜ ትዝታ የሚሠራበት ክፍል ላይ ሞልቷል፤ የሰከረው ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ የሚረሳው ለዚህ ነው። ፍርሃት የሚስተናገድበት ቦታ ላይ አለ፤ ረሃብና ጥጋብ የሚለይበት ቦታ ላይ አለ፤ እንቅስቃሴና ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ላይ አለ። አከርካሪ ውስጥ የህመም መልእክት ወደ ላይ የሚያልፍበት መንገድ ላይም አለ። አንጀት ላይ አለ፣ ሆድን ያዘገያል። ጉበትና ጮማ ላይም አለ። ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ላይ ግን በጣም ጥቂት ነው። ሄሮይን ያበዛ ሰው ትንፋሹ ቆሞ ሲሞት ማሪዋና ያበዛ ሰው እንደዚያ የማይሞተው በዚህ ምክንያት ነው። (ይሄ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ልብን ያስሮጣል፣ ጣፋጭ መስሎት የበላ ሕፃን ድንገተኛ ክፍል ሊያስገባ ይችላል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይሄን አደራ። ‹ኬ2› ወይም ‹ስፓይስ› የሚባለው ፋብሪካ ሠራሽ ነገር ደግሞ ከቲኤችሲ እጅግ የበረታና ሰው የገደለ ነው፤ ከተክሉ ጋር አንድ አድርገሽ አትዪው።)

ሲቢ2 በበኩሉ በብዛት ያለው የመከላከያ ሴሎች ላይ ነው፤ ጣፊያ፣ ነጭ የደም ሴሎች፣ አንጎል ውስጥም ጽዳት የሚሠሩት ሴሎች ላይ። እብጠትና መቆጣትን ረገብ ያደርጋል። አያሰክርም።

አንድ ሰው ዘና ሲል ሌላው በዚያው ሲጋራ የሚደነግጠው ለምንድን ነው? ሲቢ1 አነቃቂ ኬሚካል የሚረጩ ሴሎች ላይም አለ፣ አረጋጊ ኬሚካል የሚረጩት ላይም አለ። እንዲያውም አረጋጊዎቹ ላይ ይበዛል። አነቃቂውን ዝም ካሰኘ ትረጋጊያለሽ። አረጋጊውን ዝም ካሰኘ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይንጫጫል። ስለዚህ በመጠኑ፣ በሰውየውና በቦታው ይለያያል። በትንሹ የሚያረጋጋው በብዙ ሲሆን የሚያስጨንቅበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ‹እና ለህመም ይጠቅማል ማለት ነዋ!› ብለሽ ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የመድኃኒት ኩባንያዎችም እንደዚያው ነው ያሰቡት። አንድ ነገር ላጫውትሽ፣ ከእናትሽ ጉልበት ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ።

ፋህ አናንዳማይድን ያፈርሳል ብለናል። እንግዲያው ፋህን ብናግደው አናንዳማይዱ ይበረክታል፣ ሰውየው ሳይሰክር ህመሙ ይቀንሳል። አይጦች ላይ ግሩም ሠራ። ሰው ላይም ፍንጭ ነበር። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ደከም ያለ ፋህ ይዞ ይወለዳል፣ ጭንቀቱም ቀለል ይላል። በ2019 ደግሞ የአንዲት የስኮትላንድ ሴት ታሪክ ታተመ። ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት የእጅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ማስታገሻ አላስፈለጋትም። ምጣድ ሲያቃጥላት የምታውቀው ሥጋዋ ሲሸት ነው። ጭንቀት የሚባል አታውቅም፤ ዕቃዋን የት እንዳስቀመጠች ግን ትረሳለች። ሲመረመር ፋህ የሚሠራበት ዘረ መል አካባቢ ጉድለት አለባት፣ አናንዳማይዷም ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው።

ፋይዘር ፋህን የሚያግድ ክኒን ሠራና የጉልበት መገጣጠሚያ ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከረው። ውጤቱ በ2012 ወጣ። ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ፋህ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ቆሟል፣ አናንዳማይዱ ከፍ ብሏል። ህመሙስ? ባዶ ክኒን ከዋጡት ሰዎች ምንም አልተለየም። ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ተራው የህመም ማስታገሻ፣ ናፕሮክሲን፣ ግን አስታገሰ። አንብበሽዋል? ሥርዓቱን በትክክል ነክተውት፣ በቁጥር አረጋግጠው፣ ጉልበቱ አልሰማም። ጠርሙሱ ላይ ‹ያመጣጥናል› የሚለውን ስሰማ ሁሌም ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ከዚያም የከፋ አለ። በጥር 2016 ፈረንሳይ፣ ሬን ከተማ ላይ ሌላ ፋህን የሚያግድ መድኃኒት በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር አንዱ ሞተ፣ ሌሎችም አንጎላቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገቡ። በኋላ እንደታየው መድኃኒቱ ፋህን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ኢንዛይሞችንም ይነካ ነበር። በተቃራኒው መንገድ የሄዱም ነበሩ። ‹ካናቢስ ሰውን ካስራበ ሲቢ1ን ብንዘጋ ሰው ይከሳል› ብለው ሪሞናባንት የሚባል የውፍረት መድኃኒት አወጡ። በ2006 አውሮፓ ገበያ ገባ። ሰዎች በርግጥ ከሱ። ግን ድብርት ያዛቸው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጣ፣ በ2008 ከገበያ ታገደ። ሆዳቸው ላይ ያለውን ሲቢ1 ብቻ ዘግቶ ስሜታቸው ላይ ያለውን መተው አልተቻለም።

ለዚህ ነው ‹ማመጣጠን› የሚለው ቃል የሽያጭ ወሬ የሚሆንብኝ። የሚመጣጠን አንድ ማሰሮ የለም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ቦታዎች ላይ ለየብቻ፣ ለሰከንዶች የሚሆን ነገር ነው። የሥርዓቱ እጥረት ማይግሬንና የመሳሰሉትን ያመጣል የሚል ሐሳብ አለ፣ እስካሁን ግን ሐሳብ ነው። ‹እጥረት አለብዎ› ብሎ ዘይት የሚሸጥልሽ ሰው እጥረቱን በምን እንደለካው ጠይቂው።

ታዲያ ከካናቢስ የተገኘ የሚሠራ መድኃኒት የለም ወይ? አለ። ቲኤችሲው ራሱ በፋብሪካ ተሠርቶ የወጣው ድሮናቢኖል አሜሪካ ውስጥ በ1985 ለካንሰር ሕክምና ማቅለሽለሽ ተፈቀደ፣ በኋላም ኤድስ ሰውነታቸውን ላከሳቸው ሰዎች። ንጹሕ ሲቢዲ ደግሞ በ2018 ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም ለሁለት ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቀደ። እዚያ ላይ የሚሰጠው መጠን ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ብናሰላው ከ600 እስከ 1200 ሚሊግራም በቀን። የእናትሽን ጠርሙስ አገላብጠሽ እዪው፤ ብዙዎቹ የሱቅ ዘይቶች ባንድ ጠብታ መስጫ 25 ሚሊግራም ገደማ ነው ያላቸው።

ሲቢዲ ራሱ ከቲኤችሲ የተለየ ፍጡር ነው። ሲቢ1 ላይ በደንብ አያርፍም፣ አያሰክርም። ሌሎች ብዙ መቀበያዎችን ትንሽ ትንሽ ይነካካል። ለጉልበት ህመም ተሞክሯል፤ ቪየና ውስጥ የተሠራ፣ በ2023 የታተመ ጥናት በቀን 600 ሚሊግራም ለ8 ሳምንት ሰጥቶ ከባዶ ክኒን ጋር አነጻጸረው። ልዩነት አልነበረም። የአንዳንዶቹ ጉበት ግን ሲመረመር መቆጣት አሳየ። እንግዲህ 600 ሚሊግራም ያልሠራውን 25 ይሠራዋል ብዬ ልነግርሽ አልችልም። ያቺ የቤተ ክርስቲያን እህት ‹እኔን አሽሎኛል› ካለች አልዋሸችም፤ የጉልበት ህመም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰው መድኃኒት የሚጀምረው ሲብስበት ነው፣ ከባሰ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱም ይቀንሳል።

አሁን ዋርፋሪን። መቼም ይሄን ክፍል ዘለሽው እንዳትሄጂ።

ዋርፋሪንን የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ የሚያስወግድበት ኢንዛይም አለው። ሲቢዲ ያንን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ስለዚህ እናትሽ የሚውጡት ክኒን ሳይጨምር ደማቸው ውስጥ ያለው ዋርፋሪን ይጨምራል። ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ኤፒዲዮሌክስ የጀመረ አንድ ታካሚ ዋርፋሪኑ 30 በመቶ ገደማ መቀነስ እንዳስፈለገው በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በርግጥ ያ ሰውዬ የወሰደው ከሱቅ ዘይት የበለጠ ነው። ግን የሱቅ ዘይት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በምን ታውቂያለሽ? በ2017 የወጣ ጥናት ከኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መረመረ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የተስማማው በ26ቱ ብቻ ነበር። 18ቱ ውስጥ ቲኤችሲም ተገኘ። የልብ ቫልቭ ለተቀየረለት ሰው የደሙ ቅጥነት መዋዠቅ ቀልድ አይደለም፤ ሲቀጥን መድማት አለ፣ ሲወፍር ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ለዚህ ነው ጀምረውት ከቆዩም አንቺ በራስሽ ከማስቆምሽ በፊት ክሊኒኩ ይወቅ የምልሽ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ የዋርፋሪኑን መጠን በዘይቱ ልክ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መበለዝ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ደግሞ የኛ እናቶች ‹መድኃኒት አይደለም፣ ዘይት ነው› ይሉና ለሐኪሙ አይናገሩም። ዳማከሴውንም፣ ጥቁር አዝሙዱንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም እንደዚያው። ጠርሙሶቹን ሁሉ በፌስታል ሰብስበሽ ቀጠሮ ቀን ይዘሽ ሂጂ። ከመዘርዘር ማሳየት ይቀላል።

ለጉልበታቸው ምን ይደረግ ካልሽኝ፣ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን ከዋርፋሪን ጋር ስለሚያደሙ በራሳችሁ አትጀምሩ። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ሐኪሙ ሊፈቅድላቸው ይችላል፤ ጠይቂ። ፓራሲታሞል (እዚያ ታይሌኖል ነው የምትሉት) አልፎ አልፎ ይቻላል፣ በየቀኑ በብዛት ከሆነ ግን እሱም የዋርፋሪኑን ሥራ ያጠነክራል። በነገራችን ላይ ፓራሲታሞል ራሱ በከፊል የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ሰፈር እንደሆነ ማስረጃ አለ። ጉበት ይቀይረዋል፣ አንጎል ውስጥ ያው ፋህ ከአንድ ስብ ጋር ያጣብቀዋል፣ የሚወጣው አዲስ ኬሚካል የህመም መንገድ ላይ ይሠራል። በየኪዮስኩ የሚሸጠው ክኒን!

ከሁሉ በላይ የሚረዳቸው ግን ፊዚዮቴራፒ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ይሄ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። መንቀሳቀስ አናንዳማይድንም ይጨምራል። ሰው ከሮጠ በኋላ የሚሰማውን ደስታ ሁሉም በኢንዶርፊን (ሰውነት ራሱ በሚሠራው የህመም ማስታገሻ) ያመካኛል፤ ነገር ግን ኢንዶርፊን ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም፣ አናንዳማይድ ስብ ስለሆነ ያልፋል። በ2021 የታተመ የጀርመን ጥናት የኢንዶርፊንን መቀበያ በመድኃኒት ዘግቶ ሰዎችን 45 ደቂቃ አስሮጠ፤ ደስታው እንዳለ ቆየ። እንጦጦ ላይ ጠዋት የሚሮጡት ልጆች ምን ላይ እንደሆኑ አሁን ታውቂያለሽ። እናትሽን ሩጡ አልልም። በየቀኑ ትንሽ የእግር መንገድ፣ ደጋፊ ባለው ወንበር ተቀምጦ መነሳት፣ ከተቻለ የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ካላቸው ሐኪሙ የፊዚዮቴራፒ ትእዛዝ እንዲጽፍላቸው ጠይቂ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ዱባይና አዲስ አበባ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ አዋቂ ሰው ማሪዋና ራሱን በሕግ ይገዛል፤ ስለዚህ ዘይቱ ዋዛ ሊመስል ይችላል። ዱባይ ግን ሌላ ዓለም ነው። የኤምሬትስ ሕግ ሲቢዲንም ይከለክላል፣ ቲኤችሲ ባይኖርበትም። ከሱቅ የተገዛ ዘይት ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ሊኖር እንደሚችል አይተናል። አዲስ አበባም ካናቢስ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው፤ ቦሌ ላይ ‹ለጉልበቴ ነው› ማለት አያዋጣም። ሻንጣቸውን ስታዘጋጂ የቦርሳቸውን ኪሶችም ፈትሺ፣ ምናልባት ያቺ እህት ሁለተኛ ጠርሙስ ሰጥታቸው ይሆናል። ዋርፋሪናቸውን ግን ከነማዘዣ ወረቀቱ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፣ ለቆይታቸው የሚበቃ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ደማቸውን የት እንደሚያስመረምሩም ከመሄዳቸው በፊት አጣሩ፤ የምግብ ለውጥ ብቻውን፣ በተለይ ጎመን ሲበዛ፣ የደማቸውን ቅጥነት ያናጋዋል።